አራተኛ ፎቅ ያልደረሰው ሕልም

ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይለያያል። አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ጫማውን ይፈልጋል፣ አንዱ ስልኩን ይዳብሳል። እኔ የት እንዳለሁ ነው የምጠይቀው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ፣ በተለይ ከቀትር እንቅልፍ ስነቃ፣ ጣራውን አያለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ፣ «የማን ቤት እንግድነት መጥቼ ነው እንዲህ የተጋደምኩት?» ብዬ አፍራለሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ባለቤቶቹን አመስግኜ ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ የራሴን ፎቶግራፍ አየዋለሁ። ያኔ መልሼ እተኛለሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው እንዲህ ካለው እንቅልፍ አንድ ቀን ስነቃ ነው። የልጄ ልጅ ማህሌት በረንዳው ላይ ከወንበሬ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ እስክሪብቶ ትነክሳለች። ያን ጊዜ መሰናዶ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ከሕፃንነቷ እቅፌ ውስጥ ስላደገች «አንተ» ነው የምትለኝ። አንዳንድ ሰው ይከፋበታል፤ እኔ ግን «እርስዎ» ያለችኝ ቀን በጠና የታመምኩ ይመስለኛል።

«አባባ» አለችኝ፤ «ማንም ሰው አጥንቶት የማያውቅ ነገር ንገረኝ።»

«ምን ሊደረግ?»

«ጥናት ልሠራ። እያንዳንዳችን ለየብቻችን ርዕስ እንመርጣለን፣ ሰው እንጠይቃለን፣ እንጽፋለን፣ ከዚያ አስተማሪዎች ፊት ቆመን እናቀርባለን። ያላቀረበ ይወድቃል።»

ጓደኞቿ ርዕስ ይዘው ጨርሰዋል። አንዷ የታክሲ ሰልፍን፣ አንዱ የኢንተርኔት ቤትን ወስዷል። ሌላው ደግሞ ተማሪ ለምን እንደሚያረፍድ ሊያጠና ነው፤ ርዕሱን ሊያስመዘግብ የመጣው ግን አርፍዶ ነው አለችኝ።

እኔ እንግዲህ ትምህርቴ ፊደል መቁጠር፣ ከዳዊት ጥቂት መድገም፣ ኋላም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስሜን መጻፍ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ፍራሽ ስሰፋ ነው። ጥጥ ውስጥ ደግሞ ያን ያህል ዕውቀት የለም፤ ያስነጥሳል እንጂ። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አልኳት።

«አሁን ተኝተህ ነበር። ምን አየህ?»

«የድሮውን ቤት።»

«ኮንዶሚኒየሙን በሕልምህ አይተኸው ታውቃለህ?»

አሰብኩ። ከገባን ዓመታት አልፈዋል። በልቼበታለሁ፣ ጠጥቼበታለሁ፣ ታምሜ ተነሥቼበታለሁ። አልሜው ግን አላውቅም። ይህን ስነግራት እስክሪብቶውን ከአፏ አወጣችና ዓይኖቿ በሩ። ርዕሷ በዚህ ተወለደ፤ የፈረሰ ሰፈር ለቅቀው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች በሕልማቸው የሚያዩት የትኛውን ቤት ነው?

አስተማሪዋ ወደደላት። ሁለት ነገር ብቻ አዘዛት። ብዙ ሰው ጠይቂ አላት። ሲነግሩሽ ደግሞ አንዲት ቃል አትናገሪ፣ ስሚና ጻፊ፤ አስተያየት የሰጠሽበት ቀን ጥናቱ ተበላሸ አላት።

«የመጀመሪያው መላሽ አንተ ነህ» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት።

ይህችን «ነገ» ላስረዳችሁ፤ የነገሩ ሥር እሷ ናት። ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች በኋላ፣ የድሮው ቤት ሳለን፣ ከሕልሜ ጠፍታ አታውቅም ነበር። ትልቅ ጉዳይ ይዛ አትመጣም። አንድ ቀን «ጨዉን የት ነው ያኖርከው?» ትለኛለች፤ ሌላ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። እኔም ጠዋት ደስ ብሎኝ እነሣለሁ። ቤቱ ፈርሶ እዚህ አራተኛ ፎቅ ከወጣን ወዲህ ግን ቀረች። ቤቱን አየዋለሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነጠላዋ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማዋ ግን ከደጃፉ የለም። እሷም የለችም። ብጠራት መልስ የለም። ሁልጊዜ ይኸው ነው።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። እርጥብ ጭቃ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሰማው ሰው በአፉ እንዳበጀው ይደርቃል። አንድ አፈ ፈጣን ተነሥቶ «እንግዲህ ጥላህ ሄዳለች» ቢለኝ አለቀ፣ ሄደች ማለት ነው። ያልተነገረ ሕልም ግን ቢያንስ በሩ አልተዘጋም። እኔም በሩን ደግፌ ቆሜ ነበር።

ማህሌት ደብተሯን አቅፋ ቤት ለቤት ጀመረች። መጀመሪያ የሄደችው ምድር ቤት፣ ወይዘሮ ብርቄ ጋ ነው። ብርቄ በድሮው ሰፈር አጥር ለአጥር ነበርን። ምድር ቤት ስለደረሳት የሕንፃው መግቢያና መውጫ በእጇ ነው፤ ማን ምን እንደገዛ ከፌስታሉ ቅርጽ ታውቃለች።

«ሕልምማ አያለሁ፤ እንዴት ያለ ሕልም መሰለሽ» አለቻት። «ፈቺው ማነው?»

«ፈቺ የለም እትዬ ብርቄ። እኔ እጽፋለሁ ብቻ።»

«ለበጎ ነው አትይኝም?»

«አልልም። ምንም እንዳትሉ ተብለናል።»

«እና ነግሬሽ ዝም ልትይኝ? የታጠበ ልብሴን ዝናብ ላይ ጥለሽብኝ ልትሄጂ? በይ ልጄ፣ ትምህርትሽን ሌላ ቦታ ተማሪ።»

ሁለተኛ ፎቅ ሐጂ ሙህዲን አሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጧትና «ልጄ፣ ሕልም ለሚወዱት ሰው እንጂ ለደብተር አይነገርም» ብለው ሸኟት። ሦስተኛ ፎቅ ቶላ አለ፤ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር። «እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ሕልም የሚባል ነገር አላይም» ብሎ በሩን ዘጋ። ወዲያው ከፈተና «ምን ዓይነት ሕልም ነው ግን የምትፈልጊው?» አላት። መልሷን ሳይሰማ መልሶ ዘጋ።

ማህሌት አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ደብተሯ ባዶ ነው፣ ዓይኗ ሞልቷል። ርዕስ አንዴ ከተመዘገበ አይለወጥም፤ የማቅረቢያው ቀን እየመጣ ነው። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ አጠገቤ ቁጭ በል። ሕልሙን ለአንተ ይንገሩህ፣ አንተ ለበጎ ነው በላቸው። እኔ የምጽፈው ሕልሙን ብቻ ነው፣ ፍቺውን አልጽፈውም።»

«አስተማሪሽስ?»

«ዝም በይ ያለው እኔን ነው። አንተን መች አለህ?»

በግቢያችን መኻል ለድግስና ለልቅሶ የሚሆን የጋራ ቤት አለ፤ ኮሙናል እንለዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። እኔ ጋቢዬን ለብሻለሁ። ማህሌት ከኋላዬ፣ እንደ ቅዱስ ሥዕል ዝም ብላ።

ብርቄ ቀድማ መጣች። «የድሮው ግቢዬ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ» አለች። «የገመዱ አንድ ጫፍ የቤቴ በር ላይ ታስሯል። ሌላውን ጫፍ ብከተለው ብከተለው አያልቅም። ለካስ የእናንተ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ኖሯል የታሰረው። የሰፈሩ ሰው ልብስ በሙሉ ተሰጥቶበታል፤ የሞቱትም ሰዎች ሳይቀር። ነፋስ ደግሞ አለ፣ ቀስ ያለ።»

ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ያን ገመድ አየነው። እኔ የዘነበችን ቀሚስ ፈለግሁበት፤ ብርቄን ግን አልጠየቅኋትም።

«ለበጎ ነው» አልኩ። «ገመድ ዕድሜ ነው። ያንቺ እንግዲህ እስከ አራተኛ ፎቅ ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለችና ቀና ብላ ወጣች።

ቶላ ቀጠለ። «አላምንበትም» አለ ሳይቀመጥ። «ለልጅቷ ትምህርት ብዬ ነው።»

«እሺ ቶላ።»

«መኪናዬ ከነተሳቢዋ በዚህ ደረጃ ትወጣለች። መሪው በእጄ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ በር ላይ አቆምኳት። ልተኛ ስል መንገድ ዘጋሁ ብዬ እጨነቃለሁ። የድሮው ግቢ ቢሆን እንደ ልቤ ነበር የማቆማት፤ ጥላም ነበረው።»

«መኪናዋ ጉልበትህ ናት። ደረጃውን ወጣች አይደል? ገና ትወጣለህ።»

አንድ ሰው በራሱ ጉዳይ ዝምታ ሲመርጥ በሰው ጉዳይ እንዴት አፉ እንደሚፈታ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በማግስቱ ቶላ ተሸካሚ አልጠራም ብሎ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ በደረጃው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጉልበቱን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ግድግዳ እየያዘ መጣ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን በደንብ አይተዋታል?»

«አንተው ነህ ያልነገርከኝ። ጭነት አላት መቼ አልከኝ? ባዶዋን ነበር የወጣችው።»

አሰበበት። «እውነት ነው» አለ፤ «ባዶዋን ነበረች» ብሎ እያነከሰ ተመለሰ። አለማመኑን ግን አልተወም።

ሐጂ ሙህዲን መጨረሻ ላይ መጥተው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ተቀመጡ። በድሮው ሰፈር በሳቸውና በጎረቤታቸው ግድግዳ መኻል እሳት የሚቀባበሉባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ያን ሁላችንም እናውቃለን።

«በገል ፍም ይዣለሁ» አሉ። «ለጎረቤት ላቀብል ቀዳዳዋን እፈልጋለሁ። ግድግዳው ግን የዚህ የኮንዶሚኒየሙ ነው። ብዳብስ ብዳብስ ልሙጥ ነው። ፍሙ ደግሞ አመድ እየለበሰ ነው።»

«ለኸይር ነው ሐጂ። ፍሙ ጠፋ?»

«ሳይጠፋ ነቃሁ።»

«እንግዲያስ ቀዳዳ አይፈልጉ። በሩን ያንኳኩ።»

ሌላ የምለው አጥቼ ነው እንጂ አስቤበት አልነበረም። ሰውየው ግን በማግስቱ፣ ከገቡ ጀምሮ ሰላምታ ተለዋውጠው የማያውቁትን የጎን ጎረቤታቸውን፣ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ይዘው አንኳኩ። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም። ወሬው ያን ዕለት ከብሎክ ብሎክ ዞረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሙናሉ ደጃፍ ሰልፍ አየሁ። ልቅሶ ያለ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልገባ ስል «መጡ፣ መጡ» አሉ። ከሌላ ብሎክ የመጣ አለ፣ ከሰንጋ ተራ የመጣ አለ። የድሮ ሰፈር የሚባል ኖሮት የማያውቅም አለ። ማህሌት ለሁሉም በትሕትና «ያዩት የድሮውን ቤት ነው ወይስ ኮንዶሚኒየሙን?» ትላለች።

«የትኛው ቢሆን ይሻላል?» ይሏታል።

አንዲት የቤት ዕጣ የምትጠባበቅ ሴት «ቁልፍ አየሁ» አለችኝ።

«ቁልፍ ብቻ ነው? በር የለውም?»

«በር ቢኖረው ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«እንግዲያስ አለው።»

ከባዷ ግን አንዲት ወይዘሪት ናት። ልትዳር ጥቂት ጊዜ የቀራት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ ፈገግ እያለች፣ «ሰርጌን አየሁ» አለች። በሕልም የታየ ሰርግ ሐዘን እንደሆነ የማያውቅ እዚያ ማን አለ? እናቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልጅቷ ፈገግታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አፌ ተከፈተ።

«ያ ፍቺ ለድሮ ቤት ነው» አልኩ። «እዚያ ለሰርግም ለልቅሶም የሚተከለው ያው አንድ ድንኳን ነበር፤ ሕልም ቢምታታበት አይፈረድበትም። እዚህ ድንኳን መትከያ የት አለ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታየ ሰርግ፣ ሰርግ ነው።»

እናቲቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ሳላውቀው አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየደረጃው ላይ ክርክር ሆነ፤ ሕልም እንደየፎቁ ይለያያል ወይ? ብርቄ ያለ ምንም ጥርጥር ተናገረች።

«ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ምድር ቤት አይደል? አራተኛ ፎቅ እስኪወጣ እኛ ልብሳችንን አጥበን እንጨርሳለን። ሕልምም እንደዚያው ነው፣ ጉልበት ያንሰዋል።»

እውነትም ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው ሲያሻው ነው። ክርክሩም በዚህ ተቋጨ። የላይኞቹ ሰዎች ከቀትር በኋላ እየወረዱ የታችኞቹ ቤት ማንቀላፋት ጀመሩ። በብርቄ ሶፋ ላይ ተራ ተያዘ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመስኮቷ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ጫማቸውን በሥርዓት ደርድረው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው አየሁ። ሕንፃው በሙሉ በቀስታ ይተነፍሳል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የብርቄ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ገብቷል። ዘነበች ጉልበቷን ያማት ነበር። ድሮም የደጃፋችንን አንዲት ደረጃ ስትወጣ ነው ሁለት ጊዜ «ኡፍ» የምትለው።

የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሊያስጠነቅቀኝ መጣ። «ጋሼ፣ ኮሙናሉ የተፈቀደው ለድግስና ለልቅሶ ነው። ሕልም በደንቡ ውስጥ የለም።»

«ልክ ነህ። ዛሬውኑ እንተወዋለን።»

አመስግኖኝ በሩ ድረስ ሄደ። ቆመ። በሩን ከውስጥ ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ወንዝ ውስጥ ነኝ» አለ።

ልጄ አስቴር፣ የማህሌት እናት፣ በዚህ ሁሉ ተቆጥታለች። «አባዬ፣ ሰው ጠንቋይ ሊልህ ነው» አለችኝ። «ታክሲ ውስጥ ‹የሕልም ፈቺው ልጅ ናት› ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።»

«በሥራ መውጫ ሰዓት?»

«በሥራ መውጫ ሰዓት።»

ሁለታችንም ትንሽ አሰብንበት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አላነሣችብኝም።

የማህሌት ደብተር ሞላ። ጽፋ ረቂቁን ለአስተማሪዋ ሰጠች፤ አንብቦ መለሰላት። ያን ቀን ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋ ከብዶ ሰማሁት።

«‹ልደታ ውስጥ ክፉ ሕልም የሚያይ ሰው የለም ወይ?› አለኝ» አለች።

የለማ። ማነው ክፉ ሕልሙን ይዞ ሰልፍ የሚሰለፍ? እናቴ ክፉ ስታይ በማለዳ ደጅ ወጥታ ለድንጋይ ነበር የምትነግረው። አስተማሪው እንዴት እንደጠየቀች ሲመረምራት፣ መዋሸት የማትችል ልጅ ናትና፣ የኔን ነገር ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ አሉ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «አንቺ የሰበሰብሽው ምርቃት የሚጠብቁ ሰዎችን ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ያለ ፈቺ የነገረሽን ሕልም አምጪና ከነዚህ ጎን አስቀምጪው። አለበለዚያ አታቀርቢም» አላት። ማቅረቢያው ከነገ ወዲያ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የተናገረው እውነቱን ነው።

ብርቄን ለመነቻት፤ ብርቄ ሌላው ሁሉ ይቅርና ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቆመችም። ሐጂ «ያዘዝሽኝን ሁሉ፣ ይህን ግን አይሆንልኝም» አሉ። ቶላ በሩን ዘጋ፤ ዳግመኛም አልከፈተም።

ከቀትር በኋላ በረንዳ ላይ መጥታ ዱካዋን ሳበች። «አባባ። ነገ ስትለኝ ከረምክ።»

አላስገደደችኝም። እስክሪብቶዋን ይዛ ከታች ሚኒባሶቹን ታያለች። ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል። አሰብኩት። ከነገርኳት ሕልሜ ሳይፈታ ዝናብ ላይ መዋሉ ነው፤ ዘነበች መንገድ ላይ ትቀር ይሆናል። ካልነገርኳት ይህች ልጅ ትወድቃለች። ሟች ብትቀየመኝ ሌላ ቀን እታረቃታለሁ አልኩና ጀመርኩ። በሩን ነገርኳት፣ ሚስማሩን፣ ነጠላውን፣ የጠፋውን ጫማ፣ መጣራቴን።

«ቤቱ የድሮው ነው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«የድሮው።»

«እማማ የለችም?»

«የለችም።»

ጻፈች። እኔ ሳላስበው አንገቴን አስግጌ «ለበጎ ነው» የሚለውን እጠብቃለሁ፤ ለስንቱ ያደልኩትን። የእስክሪብቶው ድምፅ ብቻ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ነጥቡን አኖረች፣ ደብተሩን ከደነች፣ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። መሳቢያ ሲዘጋ ሰማሁ። እጇን አራግፋ ተመለሰችና ዱካው ላይ እንደገና ተቀመጠች።

«በል አሁን ሕልምህን ንገረኝ» አለች።

«አሁን ነገርኩሽ እኮ።»

«ቅድም የሰማችው ተማሪዋ ናት። እሷ ምንም አላለችም፣ ስለዚህ አልተፈታም። እኔ ገና አልሰማሁም።»

አየኋት። አፏ ጫፍ ላይ ሳቅ አለ፣ ዓይኗ ላይ ግን የለም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ነገርኳት።

«ለበጎ ነው» አለች ገና ሳልጨርስ። «ነጠላዋ የት ነው ያልከኝ?»

«ሚስማሩ ላይ።»

«እማማ ነጠላዋን ሳትለብስ ሩቅ መንገድ ሄዳ ታውቃለች?»

ዘነበች ገበያ ቀርቶ ወፍጮ ቤት እንኳ ያለ ነጠላ ሄዳ አታውቅም። ነጠላዋን ትታ የምትወጣው ጎረቤት ብቅ ለማለት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ነጠላውን ሳየው ነው የኖርኩት፤ ያየሁት ግን ጫማውን ነው።

«እዚሁ ናት» አለች ማህሌት። «የት እንደገባን እየጠየቀች ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ደረጃው ደግሞ ያደክማታል። ትደርሳለች፤ አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ነው የቆየችው።»

የማቅረቢያው ቀን አስቴር እጄን ይዛ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወሰደችኝ። ከፊት አስቀመጡኝ። ማህሌት ዩኒፎርሟን ተኩሳ ቆማለች። የብርቄን ገመድ አነበበች፣ የቶላን መኪና፣ የሐጂን ፍም። ከዚያ «ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ያለ ፈቺ የተነገረ» ብላ የኔን አነበበች፤ ስም አልጠራችም። «እኒህ መላሽ» አለች፣ «ኮንዶሚኒየሙን አንድም ቀን በሕልማቸው አላዩትም።» አስተማሪዋ «ስለዚህ ማጠቃለያሽ ምንድን ነው?» አላት። «ሰዎቹ ገብተዋል፤ ሕልማቸው ግን ገና ደረጃ ላይ ነው» ብላ መለሰች። እስከዚህ ድረስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አዳራሹ ይሞቃል፣ ወንበሩ ደግሞ ስፖንጅ ነበረው። የነቃሁት በጭብጨባው ነው። ሁሉም ቆመዋል፣ አስተማሪውም ያጨበጭባል፤ እኔም የማን ቤት እንደሆነ ሳልጠይቅ ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ስንመለስ አስቴር ቀደም ብላ ትሄዳለች፣ ማህሌት ክንዴን ይዛለች። «እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ጥናትሽ ተበላሽቷል» አልኳት። «አሁን አዳራሹ ውስጥ ኮንዶሚኒየሙን አየሁት።»

ቆመች።

«እኔ ከላይ በራችን ላይ ነኝ፣ ብረቱን ተደግፌ ወደ ታች አያለሁ። ዘነበች ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ያለ ነጠላ፣ ጫማዋን አድርጋ። ጉልበቷን ታሻለች። ‹አንተ፣ ምን የሚሉት ቤት ነው የሰጡህ?› አለችኝ። ‹ስንት ቀረኝ?›»

«ለበጎ ነው፣ ለበጎ ነው» አለች ማህሌት፣ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ። «ወርደህ አልደገፍካትም?»

እዚህ ላይ አንባቢዎቼ፣ የሞተ ሰው በሕልም ጠርቶት ወደሱ የሄደ ሰው ፍቺው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለዚህ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሕግ ገና አላወጣሁም። ዘነበችን ከዚህች ልጅ በፊት ጀምሮ እወዳታለሁ፤ ግን ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማየት አለብኝ፣ ቶላም ጉልበቱ እስኪሽር የሚያጽናናው ሰው ይፈልጋል።

«አልወረድኩም» አልኳት።

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ቀስ ብለሽ ውጪ አልኳት። እኔ የትም አልሄድም።»